ቆጥሮ መረከብ፣ ቆጥሮ ማስረከብ

በውሃና ቁስል በሚጠረግበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መካከል ያለው የጽሑፍ ልዩነት አንዲት ትንሽ 2 ናት። ውሃ ኤች₂ኦ ተብሎ ይጻፋል፤ ከኦ እግር ሥር አንዲት 2 ስትጨመርበት ኤች₂ኦ₂ ይሆናል። አንደኛው ጥም ይቆርጣል፤ ሌላው ጸጉር ያነጣል፣ የጨርቅ ቀለም ያለቅቃል፣ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ ያወጣል። በመጽሐፍ በላቲን ፊደል የሚሰፍረውን እዚህ በክፍል ውስጥ እንደሚነበበው በእኛ ፊደል እጽፈዋለሁ። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ የማወራውም በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው።

ጥለት የሚያውቅ ሰው ነጠላ ሲገዛ ፊቱን ብቻ አይቶ አይረካም፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ክሩ በጀርባም በኩል ሥርዓቱን ጠብቆ ከሄደ ሸማኔውን ያመሰግናል። በደንብ የተመጣጠነ ኬሚካላዊ እኩልታ፣ ተማሪዎች «ባላንስ የተደረገ ኢኩዌሽን» የሚሉት፣ ለእኔ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ፊቱ አንድ መስመር ነው፤ ጀርባው ቆጠራው ነው። ይህ ሥራ ለጀማሪ ተማሪ የፈተና ነጥብ ማግኛ ብቻ ሆኖ ሲቀርብለት ከልብ ያሳዝነኛል። ሰው ከሠራቸው ጥንቅቅ ያሉ ሥራዎች አንዱን በእጁ ይዞ ሳያየው ያልፋልና።

ከአጻጻፉ እንጀምር። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስለ አቶም ሲጽፍ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በክብ ሥዕል ይወክል ነበር፤ ኦክስጅንን በባዶ ክብ፣ ሃይድሮጅንን መሃሉ ላይ ነጥብ ባለው ክብ፣ ካርቦንን በጥቁር በተሞላ ክብ። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ግን ለማተም ያስቸግራሉ፣ ለማስታወስም ይከብዳሉ። ስዊድናዊው ያኮብ ቤርሴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1813 ሌላ መንገድ አቀረበ። የንጥረ ነገሩ የላቲን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይበቃል፤ ሁለት ስሞች በአንድ ፊደል ከጀመሩ ሌላ ፊደል ይታከላል አለ። ብረት ፌረም ከሚለው ስሙ ኤፍኢ፣ ወርቅም አውረም ከሚለው ኤዩ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። የአቶሞቹን ብዛት ደግሞ ከፊደሉ አጠገብ በትንሽ ቁጥር አሰፈረ። እሱ ከላይ ነበር የሚያስቀምጣት፤ በኋላ ወደ እግር ሥር ወርዳ እዚያው ረጋች። አጻጻፉ ምን ያህል ቁጥብ እንደሆነ ልብ በሉ፤ 1 አይጻፍም። ፊደሉ መኖሩ ራሱ አንድ አቶም መኖሩን ይናገራል።

ቅንፍ ሲመጣ ሥራው ይበልጥ ይረቃል። የገበሬው ሁሉ አፍ የለመደውን ዩሪያን እንውሰድ። ቀመሩ ሲኦ(ኤንኤች₂)₂ ነው። አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ከዚያ አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ሃይድሮጅን በቅንፍ እንደ ነዶ ታስረዋል። ከቅንፉ ውጭ ያለችው 2 «ነዶው ሁለት ነው» ትላለች። ስለዚህ ናይትሮጅኑ 2፣ ሃይድሮጅኑ ሁለት ጊዜ ሁለት 4 ይሆናል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የውጪዋን 2 ለሃይድሮጅኑ ብቻ ሰጥቶ ናይትሮጅኑን ይረሳል፤ ወይም ወደ ኋላ ተሻግሮ ኦክስጅኑንም ያባዛል። ቅንፍ አጥር ነው። የውጪዋ ቁጥር አጥሩ ውስጥ ላለው ሁሉ ትደርሳለች፤ ከአጥሩ ማዶ ላለው አትደርስም።

አሁን የቆጠርናቸውን እንመዝናቸው። ሃይድሮጅንን 1 ካልን ካርቦን 12፣ ናይትሮጅን 14፣ ኦክስጅን 16 ይመዝናሉ። ዩሪያ ውስጥ ካርቦኑ 12፣ ኦክስጅኑ 16፣ ሁለቱ ናይትሮጅኖች 28፣ አራቱ ሃይድሮጅኖች 4፤ ድምሩ 60። ከ60ው ውስጥ 28ቱ ናይትሮጅን ነው፤ በመቶኛ ሲሰላ ከ46 በጥቂት ይበልጣል። የዩሪያ ጆንያ ላይ የሚታተመው 46 ይኸው ነው። ባለ 50 ኪሎውን ጆንያ በማሳው ዳር የሚፈታ ገበሬ 23 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ገዝቷል ማለት ነው፤ የዚህ ቁጥር ሥሩ ስምንት አቶሞችን አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ያሰላሁ ቀን ከጆንያው ጽሑፍ ጋር ሲገጥምልኝ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ቆጠራውን የቻለ ሰው ወደ ማመጣጠን ይሻገራል። በቀደም ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥያቄው ስለ ቡቴን ነበር፤ በሲሊንደር በሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ውስጥ የሚገኘው ማለት ነው። ቡቴን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል። ደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

ሲ₄ኤች₁₀ + ኦ₂ → ሲኦ₂ + ኤች₂ኦ

በግራ አራት ካርቦን አለ፣ በቀኝ አንድ። እርሳሷ ወዲያው ወደ ቀኝ ሄዶ ከሲ እግር ሥር 4 ሊጽፍ ሲል «ቆይ» አልኳት። «እዚያ ከጻፍሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑ ይቀራል።»

«ታዲያ የት ልጻፍ?»

«ከፊቱ።»

የሥራው ምሥጢር ሁሉ እዚህ አለ። ከእግር ሥር ያለችው ትንሽ ቁጥር ነገሩ ምን እንደሆነ ትናገራለች፤ ተፈጥሮ ያጸናችው ስለሆነ አትነካም። ለእኛ የተፈቀደልን ከፊት የሚቆመው ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ ስንት እንደሆኑ ይናገራል። ንብረት ክፍል የሚሠራ ታማኝ ሰው ዕቃ ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ያስረክባል፤ ሂሳቡ አልገጥም ቢለው ወንበሩን ሰብሮ ሁለት አያደርገውም። የዚህን ሙያ ውበት የማየው በዚህ ክልከላ ውስጥ ነው። የፈለጉትን ቁጥር እየለወጡ ሁለቱን ወገን ማስተካከልማ ማንም ይችላል። ነገሩን እንደነበረ አክብሮ፣ በተፈቀደው ቦታ ብቻ ሠርቶ ማስተካከል ግን እጅ ይጠይቃል።

ካርቦኑ አራት ስለሆነ ከሲኦ₂ ፊት 4 ጻፈች። ሃይድሮጅኑ አሥር ነው፤ አንድ ውሃ ሁለት ሁለት ስለሚወስድ ከውሃው ፊት 5 ጻፈች። ኦክስጅኑን ለመጨረሻ እንድትተወው ነገርኳት። በግራ በኩል ኦ₂ ብቻውን ነው የቆመው፤ እሱን ስንለውጠው ካርቦኑንም ሃይድሮጅኑንም አያናጋብንም። ሸክላ የሚደረድር ሰው ቀላሉን ዕቃ መጨረሻ ላይ ከላይ እንደሚያኖረው ነው። ቀኙን ቆጠረች፤ ከአራቱ ሲኦ₂ ስምንት፣ ከአምስቱ ውሃ አምስት፣ በድምሩ አሥራ ሦስት ኦክስጅን። በግራ ግን ኦክስጅን የሚመጣው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው።

እርሳሱ ቆመ። «ስድስት ተኩል ሊሆን ነው። ሞለኪውል ይገመሳል እንዴ?»

«አይገመስም። ለጊዜው ጻፊውና ሁሉንም በሁለት አባዢው።»

ልብስ ሰፊ በመጨረሻ የሚፈታውን ሰፋፊ ስፌት አስቀድሞ ይመታል፤ ጨርቁን አገናኝቶ ይይዝለታል፣ ዋናው ስፌት ሲያልቅ ይወጣል። ስድስት ተኩሏም እንደዚያ ናት። ሁለቱን ወገን አገናኝታ ያዘች፤ ሁሉም ሲባዛ ጠፋች፦

2ሲ₄ኤች₁₀ + 13ኦ₂ → 8ሲኦ₂ + 10ኤች₂ኦ

ከዚያ ያለ እኔ ትእዛዝ ከመስመሩ በታች ሦስት ረድፍ አሰመረች። ካርቦን 8 እና 8። ሃይድሮጅን 20 እና 20። ኦክስጅን 26 እና 26። ይህ ነው የጥለቱ ጀርባ። መልሱን ከመጽሐፉ መጨረሻ ገልጦ ማየት አያስፈልግም፤ ሥራው ትክክል መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። 4፣ 26፣ 16፣ 20 ብንጽፍም ሚዛኑ አይዛባም ነበር፤ ግን በግማሹ ሊነገር የሚችለውን በእጥፍ መናገር ስለሆነ ሁልጊዜ ትንሾቹን ሙሉ ቁጥሮች እንመርጣለን።

የዚህ ርክክብ ሕግ ባለቤት ፈረንሳዊው አንቷን ላቮዚዬ ነው። በዘመኑ እጅግ የተራቀቁ ሚዛኖችን አሠርቶ ከለውጥ በፊትና በኋላ ያለውን፣ የሚያመልጠውን ጋዝ ሳይቀር፣ ይመዝን ነበር። በሥራና በተፈጥሮ ለውጥ ሁሉ ምንም አዲስ ቁስ እንደማይፈጠር፣ በፊት የነበረው መጠን ኋላም እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ አስፍሯል። ያሰፈረውም ስለ ወይን መፍላት በሚናገረው ምዕራፍ ነው፤ የወይን ጭማቂውን በአንድ ወገን፣ አልኮሉንና የሚወጣውን ጋዝ በሌላ ወገን አድርጎ እኩል ናቸው አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ በአብዮቱ ጊዜ በጊሎቲን አንገቱ ተቀላ። የዳልተን የአቶም ትምህርት ሲመጣ እሱ በሕይወት አልነበረም፤ እኛ ዛሬ በአቶም የምንቆጥረውን እሱ በክብደት ብቻ ነው የደረሰበት።

ለእሱ ወይን እንደሆነለት ለእኛ ጠጅ አለን። ከማር ክብደት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ግሉኮስና ፍሩክቶስ ናቸው፤ የአቶሞቻቸው አቀማመጥ ቢለያይም የሁለቱም ቀመር ሲ₆ኤች₁₂ኦ₆ ነው። ብርዙ ተጠንስሶ እርሾው ሥራ ሲጀምር ስኳሩ እንዲህ ይሆናል፦

ሲ₆ኤች₁₂ኦ₆ → 2ሲ₂ኤች₅ኦኤች + 2ሲኦ₂

ይህን መስመር ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። አልኮሉ ውስጥ ኤች ሁለት ቦታ ተቀምጣለች፤ አምስቱ በአንድ በኩል፣ አንዷ መጨረሻ ላይ ብቻዋን። የቸኮለ ዓይን አምስት ብሎ ያልፋል፤ የረጋ ዓይን ስድስት ይላል። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት፤ በግራ ያለው ልክ ይኸው ነው። በክብደት ሲታይ ደግሞ 180 ግራም ስኳር 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይሆናል። ከስኳሩ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በአረፋ መልክ ተነስቶ ይሄዳል ማለት ነው። ብርዙን በጀሪካን ጠንስሶ ክዳኑን አጥብቆ የዘጋ ሰው ጀሪካኑ ሲነፋበት ያየዋል። እናቴ የጋኑን አፍ በንጹህ ጨርቅ ብቻ ትሸፍነው ነበር፤ ጋኑ አጠገብ ጆሮዬን አስጠግቼ ስር ስር የሚለውን ድምፅ እሰማ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ይህንን ለእህቴ ልጅ ነገርኳትና መስመሩን ደብተሯ ላይ ጻፍኩላት። ወዲያው ከታች ሦስት ረድፍ አሰመረች። ካርቦን 6 እና 6። ሃይድሮጅን ላይ ስትደርስ እርሳሱ ኤች₅ ላይ ጥቂት ቆየ፣ ወደ መጨረሻዋ ኤች ተሻገረ፣ ተመለሰ፤ 12 እና 12 ብላ ጻፈች። ኦክስጅን 6 እና 6። ከዚያ ቀና ብላ «በጨርቁ በኩል የወጣውም ተቆጥሯል» አለችኝ።