የአቶቻ ብር በአንጥረኛ እጅ

«ኑዌስትራ ሴኞራ ዴ አቶቻ» የተባለችው የስፔን መርከብ በ1622 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ደሴቶች አጠገብ በማዕበል ሰጠመች። ሜል ፊሸርና ጠላቂዎቹ ዋናውን ጭነት ያገኙት በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ሺህ በላይ የብር ሳንቲም ወጣ፤ አንዳንዱ በወርቅ ክፈፍ ታስሮ፣ በአንገት እየዋለ፣ ከወላጅ ለልጅ የሚተላለፍ ጌጥ ሆኗል። ጌጡ ሲበላሽ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንጥረኛው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጠገራ ብር የለመደ ዓይን ድፍን ክብ ይፈልጋል። የአቶቻ ሳንቲም እንዲያ አይደለም። አብዛኞቹ የተሠሩት ዛሬ ቦሊቪያ ባለችው በፖቶሲ ነው፤ ጥፍጥፍ ብር ተቆርጦ በእጅ መዶሻ ተመታ፣ ስለዚህም ጠርዙ ወጣ ገባ ነው። ክፈፉ እንዲገጥም ይህን ጠርዝ በሞረድ የነካ አንጥረኛ ሥራውን ገድሎታል። አዋቂው ወርቁን ያጎብጣል፤ ወርቁ የሳንቲሙን ወጣ ገባ ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። ወደ ብርሃን አንሡት፤ በመካከላቸው ክፍተት አይታይም። ሳንቲሙ አይበሳም፣ ብየዳም አይነካውም፤ ማንጠልጠያው የሚበየደው በክፈፉ ላይ ነው፣ ያውም ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት። ጀርባው ክፍት ይሁን፤ የንጉሡ የጋሻ አርማ፣ የፖቶሲዋ «ፒ» እና የብሩን ጥራት የመረመረው ሰው ፊደል ያሉት እዚያ ነው። በጣታችሁ ስታንጠለጥሉት ፊት ለፊት ያለው መስቀል ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ስምንት ሬያል የተባለው ሳንቲም ሲሠራ 27 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ባሕሩ ላዩን ወደ ጥቁር ሰልፋይድ ስለለወጠው፣ ከታጠበ በኋላ የቀለለና የሳሳ ብዙ ነው። ለሳንቲሞቹ ይዞታ ደረጃ ከ1 እስከ 4 ይሰጣል፣ 1 ምርጡ ነው። እኔ ግን ፊደሎቹ የሚነበቡበትን ደረጃ 3 አልንቅም። በስርጉዱ ውስጥ ጥቁሩ ይቅር፤ ሁለንተናው የተወለወለ ሳንቲም የመዶሻውን ምት አጥቷል።

ከመርከቧ ብር ቀልጦ እንደገና የተሠራ ቅጅም ይሸጣል። ብሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ምቱ ግን የፖቶሲ አይደለም፤ ታማኝ ሻጭ ይህን በወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ሁለት አንድ ዓይነት ካያችሁ ቅጅ ናቸው። የምስክር ወረቀቱ ቁጥርና ፎቶ ከጌጡ ጋር አብረው ለልጅ ይተላለፉ። ስትገዙ ፎቶውን ከሳንቲሙ ጠርዝ ጋር ወጣ ገባውን አንድ በአንድ አስተያዩ። ካልገጠመ፣ ክፈፉ የቱንም ያህል ቢያምር አልገዛም።