ሰሌዳው ማን ቤት ነው?

በጥንት ዘዴ የተነሱ የዘንድሮ ፖርትሬቶችን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? አሮጌ ለማስመሰል ከሆነ ስልካችንም ይችልበታል።

ቲንታይፕን እንውሰድ። ብረት ሰሌዳ ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ሰሌዳው የብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ሳይደርቅም ፎቶው ተነስቶ መታጠብ አለበት። ኔጋቲቭ ስለሌለው የሚወጣው ምስል አንድ ብቻ ነው።

የናቫሆ ተወላጁ ዊል ዊልሰን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በዚህ ዘዴ ያነሳል። እኔን የያዘኝ ግን ኬሚካሉ ሳይሆን ውሉ ነው። ያቺን አንድ ሰሌዳ ለተነሺው ይሰጣል፤ ለራሱ የሚያስቀረው ዲጂታል ቅጂውን ነው።

የዚህ ክብደት የሚገባን ኤድዋርድ ከርቲስን ስናስታውስ ነው። ከርቲስ ከ1907 እስከ 1930 በ20 ቅጽ ባሳተመው ሥራው እነዚህኑ ሕዝቦች በመጥፋት ላይ እንዳሉ አድርጎ አሳየ። ድንኳን ውስጥ ባነሳው አንድ ፎቶ ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የነበረውን ሰዓት አጥፍቶታል። ሰዓት ያለው ሰው የዛሬ ሰው ነዋ!

ዊልሰን ከከርቲስ ዘመን በቀደመ ዘዴ እየሠራ ዛሬን ያስገባል። ተነሺዎቹ የሚወዱትን ይዘው፣ እንደፈለጉ ሆነው ይቀርባሉ። በ2017 የኮሞክስ ተወላጁን አርቲስት አንዲ ኤቨርሰንን ያነሳው የስታር ዋርስ ወታደር ጥሩር እንደለበሰ ነው። ያስቃል፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። አንዱ ሰዓት ያወጣል፣ ሌላው የጠፈር ወታደር ያስገባል።

ዘዴው ራሱም ንጹሕ አይደለም። ኮሎዲዮን በደንብ የሚያየው ሰማያዊ ብርሃንን ነው፤ ቀይና ቡናማ ይጠቁሩበታል። ስለዚህ ጠይም ፊት ከሆነው በላይ ጠቁሮ ይወጣል። እኛ ጠይሞች ይህን «የጥንት ውበት» ብለን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። ፊቱ እንዴት እንደሚታይ ኬሚካሉ ከወሰነ፣ ቢያንስ ሰሌዳውን ባለፊቱ ይያዘው።

ቅሬታም አለኝ። ሙዚየም ውስጥ የሚሰቀለው ትልቁ ህትመት የሚወጣው ከዲጂታል ቅጂው ነው። ዓለም የሚያየው አሁንም ፎቶ አንሺው እጅ የቀረውን ነው፤ ልውውጡ እኩል ነው ለማለት ይከብደኛል።

ቢሆንም ከብዙዎቹ የዚህ ዘዴ ወዳጆች ዊልሰንን የማስበልጠው፣ አሮጌውን ዘዴ ለናፍቆት ሳይሆን ዕዳ ለመክፈል ስላዋለው ነው። ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያጋጥማችሁ «እንዴት ያምራል!» ከማለታችሁ በፊት ሰሌዳው ማን ቤት እንዳለ ጠይቁ።