«አዮታ» ጥቂት ማለት ነውን?

ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ጓደኞቻችንን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክሏቸው ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «አዮታ» የሚለውን እንውሰድ። መዝገበ ቃላቱ «እጅግ ትንሽ መጠን» ይላል፤ አልዋሸም። ተርጓሚያችንም ይህንኑ ይዞ፣ ስለ አንድ ጨካኝ ዳኛ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር «ጥቂት ርኅራኄ አልነበረውም» ብሎ ያሳልፈዋል። ታዲያ አንባቢ ምን ይረዳ? ጥቂት ካልነበረው ብዙ ነበረው ማለት ነው እንዴ? ጨካኙን ሰው ሳናውቀው ሩኅሩኅ አደረግነው እኮ!

ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ? አዮታ በግሪክ ፊደል ከሁሉ የምታንሰው፣ እንደ አጭር ጭረት የምትጻፈው ፊደል ናት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 18 ከሕግ አንዲቷ እንኳ እንደማታልፍ ተነግሮላታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የውጣ» የሚላት እርሷኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ደግሞ «ጆት» ይላታል፤ በቀድሞው የላቲን አጻጻፍ «አይ» እና «ጄ» አንድ ፊደል ስለ ነበሩ ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቃሉ ገና ከጥንት የቆመው ከአሉታ ጋር ነው። ዛሬም እንግሊዞች «አንድ አዮታ ጨው ጨምሪበት» አይሉም። «አንድ አዮታ እውነት የለበትም»፣ «አንድ አዮታ ኀፍረት ቢኖረው ኖሮ» ይላሉ እንጂ። የቃሉ ሥራ ክህደቱ ቀዳዳ እንዳይኖረው መድፈን ነው።

አማርኛ ለዚህ አልደኸየም። ወጥ ቤት ውስጥ «ቁንጥር ጨው» እንላለን፤ ጨው ሲጠፋ ግን «ቅንጣት ጨው የለም» ነው የምንለው። ቅንጣት አንዷ የእህል ፍሬ ናት። እንግሊዝኛው ትንሽነትን ከፊደል፣ የእኛው ከአውድማ ወሰደ፤ አገልግሎታቸው ግን ገጠመ። «ቅንጣት ርኅራኄ አልነበረውም» ሲባል ዳኛው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። «ጥቂት»ን አልለቅም ያለ ተርጓሚም ቢያንስ «እንኳ»ን ይጨምርባት፤ «ጥቂት እንኳ ርኅራኄ አልነበረውም» ቢል ያስኬዳል።

ስለዚህ የቃሉን ፍቺ ከመዝገቡ ካገኘን በኋላ፣ ከምን ዓይነት ግሥ ጋር እንደሚውል ደግመን እንጠይቅ። ደራሲው የኮነነውን ሰው ተርጓሚ ነጻ ሊያወጣው አይገባም።