ሁለተኛው ፓስወርድ

ራውተር ገና ያስገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤት ዋይፋዩን እንዳይጠቀምበት ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ሙያውን እናውቃለን ከሚሉት ብዙዎቹ የኔትወርኩን ስም ደብቅ፣ የእያንዳንዱን ስልክ ማክ አድራሻ (የዕቃውን መለያ ቁጥር) መዝግበህ ሌላውን ከልክል ይሉታል። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። ማክ አድራሻ አየር ላይ ሳይመሰጠር ስለሚጓዝ፣ ጆሮውን የጣለ ሰው ከተፈቀደለት ስልክ ገልብጦ የራሱ ያደርገዋል። የተደበቀውም ስም አንድ ስልክ በተገናኘ ቁጥር ይሰማል። ጀማሪው ግን በዚህ ሲደክም ውሎ ቤቴን ዘጋሁ ብሎ ይተኛል፤ የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ እስካሁን የሚከፈተው ፋብሪካው በሰጠው ስምና ፓስወርድ፣ በ«አድሚን» እና «አድሚን» ነው።

ዋናው ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ፓስወርድ ነው። የዋይፋዩ ፓስወርድ ኢንተርኔት ያስጠቅማል፤ የመቆጣጠሪያ ገጹ ፓስወርድ ግን በኢንተርኔቱ ላይ አዛዥ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በየአገሩ የማረከው ተራቅቆ አይደለም፤ 60 የሚያህሉ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን እየቀያየረ ሞከረ፣ ተከፈተለት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን የተማረኩት ዕቃዎች የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ የመለወጥ (የዲኤንኤስ) አገልግሎት ይሰጥ የነበረውን ዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ አጥለቅልቀው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አስተጓጎሉ። ስለዚህ «ከእኔ ቤት ምን ይሰረቃል?» የሚለው ክርክር አያስኬድም፤ የሚፈለገው መስመራችሁ ነው። ከዚያም የከፋ አለ። የመቆጣጠሪያ ገጹን የያዘ ሰው በራውተሩ ላይ ያለውን የዲኤንኤስ አድራሻ ከቀየረ፣ የባንካችሁን ስም በትክክል ጽፋችሁም እሱ ወዳዘጋጀው ሐሰተኛ ገጽ ልትሄዱ ትችላላችሁ።

ገጹ የሚከፈተው ከቤት ውስጥ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ ከሩቅ የመቆጣጠር ፈቃዱ ከተዘጋ ማለት ነው፣ እሱንም መዝጋት ይገባል። ነገር ግን ብራውዘራችሁም ያለው ቤት ውስጥ ነው። አንድ ተንኮለኛ ድረ ገጽ በእሱ በኩል ለራውተሩ ትእዛዝ ሊልክ ይችላል፤ ፓስወርዱ የፋብሪካው ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቀልለታል። «ብቀይረው እረሳዋለሁ» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፦ ወረቀት ላይ ጽፎ ራውተሩ ሥር መለጠፍ። ባሕር ማዶ የተቀመጠ ሌባ ወረቀት አያነብም።

ከዚህ በኋላ ደብልዩፒኤስን፣ ማለትም ያለ ዋይፋይ ፓስወርድ በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን ዘዴ አጥፉ። ባለ 8 አሃዝ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመርና የመጨረሻዋ አሃዝ ከሌሎቹ ስለምትሰላ፣ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። ፈርምዌሩንም፣ ማለትም የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር አድሱ፤ ቀዳዳ ያለበትን ሶፍትዌር ጠንካራ ፓስወርድ ብቻውን አያድነውም። የቀረው ለዋይፋዩ ምስጠራ ደብልዩፒኤ2 ወይም 3 መምረጥ ነው፣ ብዙም አያከራክርም።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስወርድ በሕግ ከልክላለች። በየቤቱ ያለው አሮጌ ራውተር ግን ይህ ሕግ አይደርሰውም፤ ፓስወርዱን እናንተው ቀይሩት።