አሥራ አንድን የሚሰውር ጨዋታ

በቅርቡ ቡራዩ ዘመድ ጥየቃ ሄደን፣ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ከረሜላ ሲቆጥር አገኘነው። ከረሜላውን በጣቱ በነካ ቁጥር ስልኩ በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ ልጁም ይከተላል። “ኢለቨን!” ብሎ ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ ርችት ፈነዳለት።

“ኢለቨን ስንት ነው?” አልነው። ዝም አለ። “አሥራ አንድስ?” ስንለው ግን፣ “አሥርና አንድ ነዋ!” አለን።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ጨዋታውን ለማጣጣል አልተነሣንም። አይቆጣም፤ አይሰለችም፤ የተሳሳተውን ልጅ ደግሞ ደጋግሞ ያስሞክራል። ልጆች በታጨቁበት ክፍል ይህን ለእያንዳንዱ ላድርግ የምትል መምህርት ቀኑ አይበቃትም።

እንከኑ ቋንቋው ላይ ነው። የሒሳብ መሠረቱ አሥርን እንደ አንድ እስር መያዝ ነው። አማርኛ “አሥራ አንድ”፣ ኦሮምኛም “ኩዻ ቶኮ” ሲል አሥሩንና አንዱን ለየብቻ ያሰማል። እርግጥ “ሃያ”ና “ሠላሳ” በቃል መያዝ አለባቸው። “ኢለቨን” ግን ገና ከመነሻው አሥሩን ይሰውረዋል። ሚለርና ስቲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ “አሥር አንድ” እያሉ የሚቆጥሩ ቻይንኛ ተናጋሪ ሕፃናት ከአሥር በላይ ባሉት ቁጥሮች ከአሜሪካውያን እኩዮቻቸው ያነሰ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል።

ቴክኖሎጂው ቋንቋችንን አይችልም እንዳይባል፣ ጎረቤት አለ። በታንዛንያ ታንጋ ክልል ወደ 170 በሚጠጉ መንደሮች ሕፃናት ንባብና ሒሳብ በታብሌት የተማሩት በስዋሂሊ ነበር። ስዋሂሊም አሥራ አንድን “ኩሚ ና ሞጃ” ይለዋል፤ አሥርና አንድ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ከተወዳደሩት ሥራዎች “ዋንቢሊየን” እና “ኪትኪት ስኩል” የ10 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት ተካፈሉ። ድሉ የቋንቋ ብቻ ነው አንልም፤ ያለ ቋንቋው ግን ባልታሰበ ነበር።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ከአንድ ግቢ ይሰማሉ። ሁለቱም አሥርን አይደብቁም። ጨዋታ ሠሪዎቻችን ይህን ሀብት እስኪያዩት ድረስ ወላጅ የስልኩን ድምፅ ያጥፋና ከልጁ ጋር በቤቱ ቋንቋ ይቁጠር። አለዚያ ጨዋታውን የምንጭነው ስልኩ ላይ ነው ወይስ ልጁ ላይ?