«ምናባዊ ቤተ ሙከራ» የተባለው ሥያሜ ሲመረመር

የሙያ ቃል ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፥ የሚጠራውን ነገር ከሌሎች ነገሮች ለይቶ ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩን አይቶ በማያውቅ ሰው ልብ ውስጥ የተሳሳተ ሐሳብ አለማሳደር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቅርብ ዓመታት በትምህርት ተቋማት ሰነዶች ውስጥ የገቡትን «ምናባዊ»፣ «ቤተ ሙከራ»፣ «አስተናጋጅ አገልጋይ» እና «ደመና» የተባሉትን ሥያሜዎች በእነዚህ ግዴታዎች መመዘን ነው።

መነሻው አንድ ረቂቅ መመሪያ ነው። ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ ተቋም፥ ተማሪዎች በሩቅ ሆነው የኮምፒውተር ልምምድ ስለሚያደርጉበት አሠራር ያዘጋጀውን ረቂቅ፥ አማርኛው እንዲታረም ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሰጥቶ ነበር። በሰዋስው በኩል ረቂቁ ይህ ነው የሚባል እንከን አልነበረበትም። ሆኖም ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው ኮምፒውተሮቹ የት እንዳሉ፣ የማን እንደሆኑ፣ ሲበላሹም ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ብቻ አይደለም፤ የተጠቀሙባቸው ቃላት እነዚህ ጥያቄዎች እንዳይነሡ የሚሸፍኑ ነበሩ።

ሥያሜውን ከመተቸት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በአምቦና በጉደር ከተሞች የተለያዩ ግቢዎች አሉት፤ ተማሪዎቹም ከጊንጪ እስከ ባኮ ካሉት ከተሞችና ከሌላም አካባቢ ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ተቋም በየግቢው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ኮምፒውተር ከሚገዛ፥ አንድ ትልቅ ሰርቨር ሊከራይ ይችላል እንበል። በሰርቨሩ ላይ የሚጫን ልዩ ፕሮግራም የማሽኑን ጉልበትና ማኅደረ ትውስታ ለብዙ ያካፍላል፤ እያንዳንዱ ድርሻም ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ሆኖ ይሠራል። መምህሩ አንድ ዋና ቅጂ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ለ30 ተማሪዎች ይባዛል። ለእያንዳንዱ 4 ጊጋባይት ቢመደብ ለተማሪዎቹ ብቻ 120 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ተማሪው ባረጀ ኮምፒውተርም ቢሆን ይገባል፤ በመስመሩ የሚተላለፈው የስክሪኑ ምስልና ተማሪው የሚሰጠው ትእዛዝ ነውና። አንዱ ድርሻ ቢበላሽ ተጥሎ ከዋናው ቅጂ ሌላ ይተካል። ኪራዩ በሰዓት የሚቆጠር ከሆነም፥ ተማሪው ሳያጠፋው የሄደ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ያስከፍላል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ «ምናባዊ» የሆነው ምንድን ነው? ምናብ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሒስ ውስጥ የታወቀ ቃል ነው፤ ደራሲ በአእምሮው የሚቀርጸውን፣ በውን የሌለውን ዓለም ያመለክታል። የላቲኑ መነሻ ቃል ግን ተቃራኒውን ይናገራል፤ ኃይልንና ብቃትን የሚያመለክት ሆኖ፥ በቅርጹ ባይሆንም በሥራው ያው የሆነውን ነገር ይገልጻል። በተከራየው ሰርቨር ላይ ተማሪው የጻፈው ፕሮግራም እውነተኛ ፕሮግራም ነው፤ የሠራው ስሕተትም እውነተኛ ስሕተት ነው፤ ሒሳቡም በብር ይከፈላል።

ይህ የቃል ማሳመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሲዱና እሳቱ በስክሪን ላይ በሥዕል ብቻ የሚታዩበት የኬሚስትሪ ማስተማሪያ ፕሮግራም አለ። እርሱም በአማርኛ «ምናባዊ ቤተ ሙከራ» ይባላል፤ ስሙም ይገባዋል፤ አሲዱ አያቃጥልምና። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ሥያሜው የመጀመሪያውን ግዴታ አፍርሷል። ለአንዱ የሚያስፈልገው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ለሌላው የሚያስፈልገው ሰርቨር፣ መስመር፣ የኪራይ ውልና ጠባቂ ባለሙያ ነው። በጀት የሚመድበው ሹም በስሙ ብቻ ቢመራ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም።

ምትክ ሲፈለግ መጀመሪያ ወደ አሳብ የሚመጣው «ግብራዊ» ነው፤ «በስም ሳይሆን በግብር» የሚለው አነጋገር ከላቲኑ ፍቺ ጋር ይቀራረባልና። ይሁን እንጂ ግብር በዛሬው አማርኛ ለመንግሥት የሚከፈለውንም ያመለክታል፤ ከ«ተግባራዊ» ጋርም ይምታታል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ውስጠ ማሽን» የሚለውን ያቀርባል። «ውስጠ ደንብ» በደንብ ሥር ያለ ደንብ እንደሆነ ሁሉ፥ ውስጠ ማሽንም በማሽን ውስጥ ያለ ማሽን ነው። ቃሉን የሰማ ሰው «በየትኛው ማሽን ውስጥ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የሚፈለገውም ይህ ጥያቄ ነው። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ አይ.ቢ.ኤም. ቪ.ኤም./370 የተባለውን የውስጠ ማሽን ሥርዐት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። በዚያው ዓመት የአማርኛ አካዳሚ ተቋቁሟል። ከ50 ዓመት በላይ ለቆየ ነገር የረጋ ስም ማጣታችን ሊያሳስበን ይገባል።

«ቤተ ሙከራ» ውጤቱ ያልታወቀ ነገር ለሚፈተንበት ክፍል የተሰጠ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ትምህርት የጸና ስም ነው፤ ሊነካ አይገባውም። የኮምፒውተር ተማሪ ግን በአብዛኛው የሚያደርገው ልምምድ ስለሆነ «የልምምድ ክፍል» ይበቃል።

«አስተናጋጅ አገልጋይ» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋ ነው። አስተናጋጅ በከተሞቻችን ምግብና መጠጥ የሚያቀርብ ሠራተኛ ነው፤ አገልጋይ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቤት ውስጥ የሚያገለግል ሰው ነው። ይህ እንኳ በልማድ ይቃና ነበር። የማይቃናው ግንኙነቱን መገልበጡ ነው። ሰርቨሩ በሌላ ድርጅት ቤት የተቀመጠ እንጂ ራሱ አስተናጋጅ አይደለም። «ኪራይ ሰርቨር» ቢባል ወዲያው አከራይና ተከራይ ይከተላሉ፤ ቤት ወይም ሱቅ የተከራየ ሁሉ ውል፣ ወርና ዕዳ ምን እንደሆኑ ያውቃልና። ሰርቨሩ ኪራይ ባይሆንስ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚገለገሉበት ከሆነ «የጋራ ሰርቨር» ይባል። ዋናው ነገር ባለቤቱ በስሙ ውስጥ መታወቁ ነው። «ሰርቨር» የሚለውም የተለመደ ቃል ስለሆነ እንዳለ ቢቀር አይጎዳም።

«ደመና» ቀጥተኛ ትርጉም ነው፤ ግን ማንን ያስተምራል? በጊንጪ ወይም በጌዶ ጤፍና ገብስ ለሚዘራ ገበሬ ልጅ ደመና የማንም ያልሆነ፣ ማንም የማያዝዘው፣ ሊዘንብም ሊያልፍም የሚችል ነገር ነው። ሰርቨር ግን ቤት፣ መብራት፣ ማቀዝቀዣና ባለቤት አለው። ኢትዮ ቴሌኮም የራሱን አገልግሎት «ቴሌክላውድ» ብሎ ሲሰይም የውጭውን ቃል እንዳለ ወስዷል፤ ከ«ደመና» ይልቅ ይህ ያነሰ ያሳስታል። ከአርቲስት ሐጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግሥት፥ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ፥ በሩቅ ያለ ማሽን ሁሉ ለአምቦ ሰው ከነበረበት ሳይነቃነቅ የማይደረስበት ሆኖ ነበር። በመመሪያ ላይ «መስመር ሲቋረጥ ምን ይደረጋል?» የሚለውን አንቀጽ የሚያስጽፈው ቃል የትኛው ነው? ደመና አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በመረጃ አሠራር ላይ የሚወስነውንና በእርሱ ስም የሚያከናውነውን ለይቶ ያያል፤ የተማሪዎች መረጃ «ደመና ላይ ነው» ሲባል ግን ሁለቱም ይጠፋሉ።

ትምህርት ከሩቅ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሠራጭ ሕዝቡ አሠራሩን በሙሉ «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው፤ በዐይኑ ባየው ስክሪን መሰየሙ ነው። ማንም አካዳሚ ያላወጣው ቃል በአንድ ጊዜ ጸና። ነገር ግን ስሙ ስክሪኑን ብቻ ይዞ ከበስተጀርባው ያለውን የሥርጭት መስመር ተወው። ዛሬም ተጠቃሚው የሚያየው ስክሪን ብቻ ስለሆነ፥ የማይታየውን ክፍል የመናገሩ ሥራ የወደቀው በሥያሜ አውጪው ላይ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ይህ ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አብዛኛው ተማሪ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው ሥርዐት በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፥ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት አጥንቶ፥ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በእንግሊዝኛ የሚማር ነው። የአማርኛ ሥያሜ የሚደርሰው ከሌሎች ሥያሜዎች ጎን ለጎን ነው። አንድ ሰው «ደመና»ን ወደ «ዱሜሳ» ቢመልሰው ስሕተቱ ወደ ሁለተኛ ቋንቋ ተሻገረ እንጂ አልታረመም። «በኪራይ ሰርቨር ላይ ያለ የልምምድ ክፍል» የሚለው ግን ረዘም ቢልም፥ በየትኛውም ቋንቋ ቢተረጎም ትርጉሙ አይጠፋም።

በማጠቃለል፥ በ«ምናባዊ ማሽን» ፈንታ «ውስጠ ማሽን»፣ በ«አስተናጋጅ አገልጋይ» ፈንታ እንደ ሁኔታው «ኪራይ ሰርቨር» ወይም «የጋራ ሰርቨር»፣ በ«ምናባዊ ቤተ ሙከራ» ፈንታ «የሩቅ የልምምድ ክፍል» እንዲባል፥ «ደመና»ም ከመመሪያና ከውል ሰነዶች እንዲወጣ ሐሳብ ቀርቧል። ከእነዚህ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብ ይህ ጽሑፍ የራሱን ለመተው ዝግጁ ነው፤ የሚመጣው ቃል ማሽኑ የትና የማን እንደሆነ እስካልደበቀ ድረስ።