የዱቤው መዝገብና የጫማ ሰፊው ሻማ

የአይሁድ ሊቃውንት ስለ ነፍስ ተጠያቂነት ሲያስተምሩ ከሰማይ ይልቅ ገበያውንና መንገዱን መጥቀስ ይቀናቸዋል። ሱቅ፣ ሻማ፣ ባቡርና ስልክ በየዘመናቸው የትምህርት መነሻ ሆነዋል። ራስን ለመመርመር የሚጠቀሙበት «ሔሽቦን ሃኔፌሽ» የተሰኘው ስያሜም ትርጉሙ «የነፍስ ሒሳብ» ነው። ሒሳብ ደግሞ ባለዕዳ ብቻ ሳይሆን ባለገንዘብም አለው። እነዚህን ምሳሌዎች ለመመዘን የሚረዳው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ስለ ባለዕዳው ብቻ ይናገራሉ ወይስ የባለገንዘቡንም ጉዳይ ያነሣሉ?

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ረቢ ዓቂባ፣ ከሚሽና መጻሕፍት አንዱ በሆነው «የአባቶች ምዕራፎች» ውስጥ፣ ዓለምን በዱቤ ሱቅ መስሏል። ደንበኛው የፈለገውን ያነሣል፤ ያነሣው ሁሉ ይመዘገብበታል፤ ዕዳ ሰብሳቢዎችም በየዕለቱ ይዞራሉ። በሰፈሩ ሱቅ የዱቤ ደብተር ያለው ቤተሰብ ይህን ለመረዳት ሐተታ አያሻውም። ምሳሌውን ያጸናው ግን የሰብሳቢዎቹ ማስፈራራት አይደለም። ዱቤ የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው፤ ስለዚህ ያልከፈለ ሰው የሚያጎድለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተጣለበትን አመኔታ ጭምር ነው። ነገሩ በእስር ቤት ሳይሆን በግብዣ መፈጸሙም ይህንኑ ያጠናክራል።

ከ1,700 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ዛሬ በምዕራብ ዩክሬን በምትገኘው ሳዲጉራ የነበረው የሐሲዶች መሪ ረቢ አብርሃም ያዕቆብ ፍሪድማን በዘመኑ አዳዲስ በነበሩ ሦስት ነገሮች ማስተማሩ ይተረካል። ባቡር ለቅጽበት የዘገየ ሰው ሁሉን እንደሚያጣ፣ ቴሌግራም እያንዳንዱ ቃል ተቆጥሮ እንደሚከፈልበት፣ ስልክም እዚህ የተነገረው እዚያ እንደሚሰማ ያስተምራሉ። አባባሉ አጭርና የሚያዝ ስለሆነ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል።

ይሁንና ሦስቱም ተጠያቂውን ለብቻው ያቆሙታል። ባቡሩ የሚያመልጠው ለእርሱ ነው፤ የቴሌግራሙንም ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው። ስልኩ ስለሚሰማ ጆሮ ይናገራል እንጂ በቃሉ ስለሚቆስል ሰው አይናገርም። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ በኢንተርኔት የሚላክ መልእክት በቃል ቁጥር አይከፈልበትም፤ ትምህርቱ በታሪፉ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ከታሪፉ ጋር ባረጀ ነበር። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው የአማርኛ ብሂል ግን የቃል ዋጋ የሚታወቀው በደረሰበት ሰው ላይ መሆኑን ያስታውሳል።

እንደ ሳዲጉራው ረቢ በ1883 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሙሳር ንቅናቄ መሥራች ረቢ እስራኤል ሳላንተር በዚህ ረገድ የተሻለ ምሳሌ ትቷል። አንድ ሌሊት፣ ሻማው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ጫማ ሰፊ ሥራውን ሳያቋርጥ አገኘው ይባላል። ሰውየው ሻማው እስካልጠፋ ድረስ መጠገን እንደሚቻል ሲነግረው፣ ረቢው ቃሉን ለነፍስ ትምህርት አደረገው። ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ጉድለቱን ሊያቃና ይችላል የሚለው የተለመደው ፍቺ ትክክል ነው፤ ግን ጫማውን ይዘነጋል። በሰፊው ጉልበት ላይ ያለው ጫማ የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ነገ ይሄድበታል። ሥራው በሌሊት የሚያስቸኩለውም ለዚህ ነው።

ሚሽና ስለ ዮም ኪፑር፣ ቤተ እስራኤል «አስተስርዮ» ስለሚሉት ቀን፣ የደነገገው ሕግ ለእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ መመዘኛ ሊሆን ይችላል። ቀኑ በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ግን በዳዩ ተበዳዩን እስኪያስታርቅ ድረስ አይሰረይም። በዚህ ሚዛን የዓቂባ ሱቅና የሳላንተር ሻማ ከባቡሩና ከስልኩ ይልቃሉ፤ ሒሳቡን ከባለቤቱ አላራቁትምና። ቀኑን ሙሉ ጾሞ መዝገቡን በጥንቃቄ የመረመረ ሰውም፣ የበደለውን የጎረቤቱን ደጅ እስካላንኳኳ ድረስ ዕዳውን ቆጠረ እንጂ አልከፈለም።